የጋኑ ክዳን

ሞተር ሳይክሉ ወርሻው ደጃፍ ሲደርስ ግማሹ ዝገት፣ ግማሹ የርግብ ኩስ ነበር። አሕመድ ከፒካፑ ወርዶ ሸራውን ሲገልጠው ከመሪው ሥር አንዲት ርግብ ብር ብላ ወጣች፤ ከእርሻው መጋዘን ጀምሮ እንቁላሏን ታቅፋ፣ ጎጆዋ ላይ ሙጭጭ ብላ መምጣቷ ነው። ረጀብ ይህን አይቶ ሣቀ። ሞተሩን ቀረብ ብሎ ሲያየው ግን ሣቁን ዋጥ አደረገው።

«የአባቴ ነው» አለ አሕመድ። «በወጣትነቱ ከዓደን ያመጣው የእንግሊዝ ሥሪት ነው። ይነሣል?»

«ይነሣል» አለ ረጀብ።

ይህ ሰውዬ «አይሆንም» የምትለዋ ቃል አትወጣለትም። አሕመድ ደግሞ ከፊሉ፣ ዋስ አሠሪው ነው፤ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ያወጣለት፣ በዐረብ አገር፣ ጂዛን ውስጥ፣ ከአቡ ዓሪሽ ወደ ዳማድ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ወርሻ፣ ጋራዡን ማለቴ ነው፣ አምኖ የሰጠው፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍልም ከሚስቱ ከሱመያ ጋር እንዲኖር የፈቀደለት። ለእንዲህ ያለ ሰው አይነሣም ማለት ይከብዳል። በዚያ ላይ ረጀብ በሙያው ይተማመናል። ያደገው ወሎ፣ ባቲ ከተማ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው፤ የውሃ ፓምፕ ይሁን ትራክተር፣ ናፍጣ የሚጠጣ ነገር ሁሉ እጁን ያውቀዋል። ይህኛው ግን የሚጠጣው ቤንዚን ነው። ረጀብ ልዩነቱን ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ነገሩን ያስነሣው ሠርግ ነበር። የአሕመድ ቤተሰቦች ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው እርሻቸው ፉል ያለማሉ። ፉል ስል ባቄላው አይደለም፤ ነጭ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ የአበባ እንቡጥ ነው፣ ጂዛን ውስጥ ያለ እሱ ሙሽራ አትዳርም። የአሕመድ አባት በሕይወት ሳሉ ከዚያ ቤት ለተዳረች ሴት ሁሉ የፉሉ ጉንጉን የሄደላት በዚህ ሞተር ሳይክል ኋላ ተጭኖ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ነው። አባትየው ሞቱ፣ ሞተሩም ዛገ፣ ሁለት የልጅ ልጆች ፉላቸው በመኪና ሄደላቸው። የአሕመድ እናት፣ ሰው ሁሉ ሐጃ የሚላቸው፣ ይህ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። አሁን የመጨረሻዋ የልጅ ልጅ ከዐረፋ በኋላ ዳማድ ልትዳር ነው፤ ሐጃም «የባሌን ሞተር አምጡልኝ» ብለዋል። ሐጃ ካሉ አሉ ነው፤ ልጃቸው ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ ፊታቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ረጀብ ይህን ሲሰማ የራሱን ጉዳይ አሰበ።

ሱመያ ወረቀት አልነበራትም። በኮንትራት መጥታ ኸሚስ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር፤ ሥራው ከአቅሟ በላይ ሲሆንባት ጥላ ወጣች፤ ከረጀብ ጋር የተጋቡት ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት፣ መንግሥት ሙህላ ሰጠ። ወረቀት የሌለው ሰው የተባለው ቀን ሳይደርስ ወይ አዲስ ከፊል ያግኝ፣ ወይ ያለ ቅጣት አገሩ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ አፈሳ ነው ተባለ። ረጀብ ቆርጧል። ሐጃ ሱመያን የቤት ሠራተኛ አድርገው ይወስዷታል፣ ወረቀቷ ይስተካከላል፣ አብረው ይኖራሉ። ችግሩ ሐጃ ሠራተኛ የሚባል ነገር ሰልችቶኛል ማለታቸው ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ፉሉን ካደረሰ ግን እምቢ አይሉኝም ብሎ ረጀብ ተስፋ አደረገ።

የሱመያ ሐሳብ ሌላ ነበር።

«በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ፣ በራሴ ፈቃድ ልውጣ» ትለዋለች። «በሩ ክፍት ሳለ አሻራ ሰጥቼ ልሂድ። እናቴ ጋ ልግባ።»

«ትንሽ ታገሺ፣ ነገሩ ቀዝቀዝ ይበል።»

ነገሩ ቀዝቀዝ እስኪል የክፍሏን መስኮት በካርቶን ደፍኖ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው፤ ከመንገድ ማንም እንዳያያት ብሎ ነው። ሲወጣም በሩን ከውጭ በቁልፍ ይከረችማል፤ ፖሊስ መጥቶ ቢገፋው ሰው የሌለበት እንዲመስል። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ እኔም እመሰክርለታለሁ። ይወዳታል። ሲወድ ግን እንደ መካኒክ ነው፤ የሚወደው ነገር አቧራ እንኳ እንዲነካው አይፈልግም። ራሴን አመመኝ ስትለው «ሙቀቱ ነው» ይላታል። ትንፋሽ አጠረኝ ስትለውም «ሙቀቱ ነው» ይላታል። ጂዛን ውስጥ ይህን ማለት ቀላል ነው፣ የማይሞቅበት ቀን የለምና።

ሥራው ተጀመረ። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ረጀብ ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ናፍጣና ዘይት ሞላበትና ለቀናት ተወው። አንድ ጠዋት በእንጨት ቀስ አድርጎ ሲመታው እሺ አለ። አሕመድ ዓደን ካሉ ዘመዶቹ የጠፋውን ዕቃ አስመጣ። የቀረውን ሞላልኝ ጂዛን ካሉ የቁርጥራጭ ብረት ሻጮች ዘንድ እየፈለፈለ አመጣለት። ሞላልኝ አትክልት በፒካፕ የሚያመላልስ የወረኢሉ ሰው ነው፤ ከረጀብ ጋር አብሮ መብላትና መነቋቆር የዘወትር ሥራቸው ነው።

ትንንሹን ዕቃ የምታጥበው ሱመያ ነበረች። ረጀብ በሳህን አድርጎ ያስገባላታል፣ እሷ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጋ አንጸባርቃ ታወጣለታለች። በተዘጋ ክፍል ውስጥ እጅ የሚይዝ ነገር ማግኘትም ቀላል አይደለም፤ የካርቡሬተሩን ፍሬዎች እንደ ጌጥ ነበር የምትደረድራቸው። አንድ ቀን የጋኑን ክዳን፣ የቤንዚኑን ማለቴ ነው፣ ወደ አምፖሉ አቅንታ ስታይ ቆየች።

«ይቺ ክዳን ቀዳዳ አላት» አለችው። «የመርፌ ቀዳዳ ታህላለች።»

«ዝገት በልቷት ነው።»

«ዝገት እንዲህ አስተካክሎ ይበሳል?»

ረጀብ ተቀበላትና በቆርቆሮ መበየጃው ድፍን አደረጋት። ይህ ብቻ አልበቃውም፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ ክብ ጎማ ቆርጦ ከክዳኑ ሥር አስገባበት፤ ክዳኑ ሲጠብቅ ሲጥ አለ። ይህን ያደረገው ሰንፎ አይደለም። የወፍጮ ሰው አንድ ጠላት አለው፣ አየር ነው። የናፍጣ መስመር ውስጥ አየር ከገባ ወፍጮው ቀጥ ይላል፤ ወፍጮው ቀጥ ሲል እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች አፋቸውን ይከፍታሉ፤ የሴቶቹን አፍ የሚፈራው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ረጀብን «አጥብቅ፣ አሁንም አጥብቅ» እያለ ነው ያሳደገው። እጁ ያደገበትን ሠራ። አንዲት የምታሾልክ ነገር ሳይተው አጠበቀ።

የመጀመሪያ ቀን ሊያስነሣው የፈለገው አሕመድ ራሱ ነበር። ቀሚሱን ሰብስቦ የማስነሻውን ብረት በእግሩ ሲመታው ብረቱ መልሶ መታውና አንድ ሳምንት አነከሰ። «አባቴም እንዲሁ ይመታ ነበር» አለ ቅልጥሙን እያሸ፣ ማን ማንን እንደሚመታ ሳይገልጽ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩን ለረጀብ ተወለት። ረጀብ ማርሹ በቀኝ እግር፣ ፍሬኑ በግራ የሆነውን ያን ግራ የገባው ነገር በእርሻው መንገድ ላይ እየወደቀ እየተነሣ ለመደው።

አዲስ የተገጠመ ሞተር ጠባዩን ቀስ እያለ ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ ዘይት አነባ፤ ረጀብ ፈትቶ ገጠመው፣ ማንባቱን ተወ። ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ አልይዝ አለ፣ እሱንም አስተካከለ። ካንዴላው ጥላሸት ጠጣ፤ ከካርቡሬተሩ የሚገባውን ቤንዚን ቀነሰለት፣ ጠራ። ካቴናው ሁለት ጊዜ ወልቆ አንዴ ቀሚሱን በላው። ይሄ ሁሉ የሚጠበቅ ነው፣ ረጀብም ደስ ብሎት ነበር የሚሠራው። የመጨረሻው ጠባይ ግን ነፍሱን አወጣው። ሞተሩ ጥሩ አድርጎ እየሄደ፣ ከእርሻው ወዲያ ካለው ሸለቆ ሲደርስ ሳል ይጀምረዋል፤ ትንሽ ይንደፋደፍና ይጠፋል። ረጀብ ይወርዳል፣ ክዳኑን ከፍቶ ቤንዚኑን ያያል፣ ቤንዚኑ አለ፣ ይዘጋዋል። በእግሩ ሲመታው ይነሣል። እንደገና ሄዶ ሄዶ ይጠፋል።

«ሙቀቱ ነው» አለ ረጀብ። ሲሊንደሩ ላይ እርጥብ ጆንያ አሰረበት። ጠፋ። ካንዴላ ቀየረ። ጠፋ። የነዳጁን ቱቦ አዲስ አደረገ። ጠፋ። ማታ ማታ ለሱመያ ሲነግራት እሷ በካርቶኑ አቅጣጫ እያየች ትሰማዋለች።

«ጅን አለበት» አለው ሞላልኝ። «ወይ ቁርአን አስቀራበት፣ ወይ እኔ ጠበል ላምጣልህ።»

«አንተ አትክልትህ ሳይጠወልግ ሂድልኝ» አለው ረጀብ። ሆዱ ግን አዝኗል። ዐረፋ አልፏል፣ ሠርጉ ደርሷል፣ ሙህላው ሊያልቅ ነው።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ከእርሻው እንቡጡ በዘንቢል መጣ። የሐጃ ቤት ሴቶች ሁሉ ዳማድ ገብተዋልና የሚሰካ እጅ ጠፋ፤ አሕመድም ለረጀብ ሚስት አምጥቶ ሰጠ። ሱመያ በዚያች በተደፈነች ክፍል ውስጥ፣ ላቧ እየተንጠባጠበ፣ እንቡጡን አንድ በአንድ በክር ሰክታ እንደ ሹሩባ ጎነጎነችው። ረጀብ ሊረከባት ሲገባ ሽታው አፈነው።

«በጊዜ ና» አለችው። «ዛሬስ በጣም ነው ያፈነኝ።»

«ሐጃን ዛሬ እጠይቃቸዋለሁ። ከዛሬ ወዲያ ኸላስ፣ መደበቅ የለም።»

ረጀብ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ጉንጉኑን ከኋላ አስሮ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነ። ማደያ ገብቶ ጋኑን እስከ አፉ አስሞላና ክዳኑን በሁለት እጁ አጠበቀ።

ከአቡ ዓሪሽ ወጥቶ የማሽላው እርሻ መካከል ሲደርስ ሞተሩ ሳለ። ረጀብ «አንተ፣ ዛሬ እንኳ» አለው። ተንደፋደፈና ጠፋ።

የቀትሩ ፀሐይ ገና አልበረደም። ረጀብ ሞተሩን እየገፋ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር አቆመው። እንደ ሌላው ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ አላየም፤ አሁን አስሞልቶት ምኑን ያያል። ሙቀቱ ነው ብሎ ተቀመጠና ጠበቀ። ሲሊንደሩን በእጁ ነካው፣ ለብ ብሏል። መታው፣ አልተነሣም። እንደገና ጠበቀ። ብረቱ ከእጁ መዳፍ ይበልጥ ቀዘቀዘ። መታው፣ አልተነሣም። መታው፣ መታው፣ ቅልጥሙ ዛለ። በጨርቁ ሥር እንቡጦቹ አንዳንድ መከፈት ጀምረዋል፤ ሙሽራዋ አንገት ላይ ሊከፈት የሚገባው አበባ መንገድ ላይ እየተከፈተ ነው። ረጀብ መሬት ላይ ቁጭ አለና ሊያለቅስ ቃጣው። ቀዝቅዟል። ሙቀቱ ቢሆን ኖሮ ይነሣ ነበር። ታዲያ ከሌላው ቀን ዛሬ ያላደረግሁት ምንድን ነው ብሎ አሰበ።

ተነሥቶ ክዳኑን ያዘ። አልፈታ አለው፣ ከውስጥ ሰው የያዘው ይመስል። በቀሚሱ ጠርዝ ጠቅልሎ በኃይል ሲያዞረው ጋኑ እፍፍፍ ብሎ አየር ሳበ። ረጅም ነበር አሳሳቡ፤ ውሃ ውስጥ ተይዞ የቆየ ሰው ራሱን ሲያወጣ የሚስበው ዓይነት። ሌላ ጊዜ በሚያልፈው መኪና ጫጫታ አልሰማውም ነበር። አሁን በዚያ ጭር ባለ ማሽላ መካከል ጥርት አድርጎ ሰማው። ክዳኑን እንደያዘ አንዴ መታው። ሞተሩ ተነሣ።

ረጀብ ክዳኑን ገልብጦ አየው። የከመነዳሪው ጎማ፣ ከላይ ደግሞ እጁ የደፈናት ቀዳዳ። ቤንዚኑ ወደ ታች ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት ነበረበት፤ መግቢያውን የዘጋው እሱ ነው። በከፈተ ቁጥር እየተነፈሰ፣ በዘጋ ቁጥር እየታፈነ፣ ያ ምስኪን ብረት ስንት ሳምንት ለመነው። እሱ ግን ሙቀቱ ነው ይላል።

ከዚያ ሱመያ ትዝ አለችው። ትዝ ያለችው በቀስታ አልነበረም። መሪውን ጨብጦ ቆመ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ከብዶት ተሰማው።

ጎማውን ቦጭቆ ወደ ማሽላው ወረወረው። ክዳኑን ላላ አድርጎ ብቻ አስቀመጠውና ያላ ብሎ ነዳ። ቤንዚን እየተረጨ ቀሚሱን አበላሸው። ሞተሩ ግን ዳማድ እስኪገባ አንዴም አልሳለም።

ሐጃ ድምፁን ከሩቅ አውቀውት ኖሮ በረንዳው ላይ ወጥተው ነበር። ሰውነታቸው ደቃቃ፣ ዓይናቸው ኃይለኛ ሴት ናቸው። ረጀብ ሞተሩን ሊያጠፋ ሲል በእጃቸው ከለከሉት፤ እንደዚያው ዱክ ዱክ እያለ እንዲቆይ አደረጉና ጥቂት አዳመጡት። ከዚያ ጨርቁን ገልጠው ጉንጉኑን አነሡ። ሁለት ሦስቱ ተከፍተዋል፣ የቀረው እንቡጥ ነው። በጣታቸው መካከል አሳለፉት።

«ማን ሰካው?»

«ሚስቴ።»

«እጅ አላት» አሉ ሐጃ። «አሕመድ ስለ እሷ ነግሮኛል። ለአሕመድ እነግረዋለሁ፣ ነገ አምጣት። እኔ ጋ ትሁን።»

ረጀብ ወራት ሙሉ የጠበቀው ቃል ይኸው ነበር። ደስ ሊለው ይገባል። አፉን ከፈተ፣ «አላህ ዕድሜ ይስጥዎ» ሊል ነበር፣ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት ሐጃ።»

ሐጃ ቀና ብለው አዩት። «እስከ ዛሬ አልጠየቅካትም?»

ረጀብ መሬት መሬት አየ። ምግብ ቀርቧል፣ ብላ፣ እደር አሉት። «አይሆንም» አለ፤ ከአፉ ወጥታ የማታውቀው ቃል ወጣች። «በሩን ቆልፌባት ነው የመጣሁት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።» ይህን በገዛ ጆሮው ሲሰማው ፊቱ ጋለ። ሐጃ ወደ መንገዱ በአገጫቸው ጠቆሙለት።

ወርሻው ሲደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። በሩን ከፈተ። ሱመያ ወለሉ ላይ በተራረፈ እንቡጥ መካከል ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ደረሰ?» አለችው።

«ደረሰ።»

«ምን ሆኖ ኖሯል?»

«ክዳኑን ደፍኜው ነው። ያቺ ቀዳዳ መተንፈሻው ኖራለች።»

«ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኛል» አለ ረጀብ። ወደ መስኮቱ ሄዶ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሩ ያዘ። እሱ ራሱ ነበርና ያሸገው በቀላሉ አልለቀቀለትም፤ እየገሸለጠ ከነካርቶኑ አወረደው። የምሽቱ ብርሃን ገባና ሱመያ ዓይኗን በእጇ ከለለች። አሸዋ አሸዋ የሚል ነፋስም አብሮ ገባ። ረጀብ ጀርባውን እንደሰጣት ተናገረ፤ ፊት ለፊት ቢያያት እንደማይጨርሰው ያውቃል።

«ሐጃ እሺ ብለዋል። ከፈለግሽ እሳቸው ጋ ገብተሽ ወረቀትሽ ይስተካከላል። ካልፈለግሽ ሞላልኝ ነገ ጀዋዛት ያደርሰናል፣ አሻራሽን ትሰጫለሽ። እኔ ብትቀሪ ነው የምወደው፣ እውነቱን ልንገርሽ። ግን አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሱመያ ተነሥታ መጥታ ከጎኑ ቆመች። መንገዱ ላይ ሐብሐብ የጫነ መኪና አለፈ። እሱን እስኪርቅ በዓይኗ ሸኘችው።

«በፊት ብትጠይቀኝ ኖሮ ልቀር እችል ነበር» አለችው። «አሁን ልሂድ።»

ረጀብ ራሱን ነቀነቀ። አለቀሰም፣ እሷም አለቀሰች፣ ከዚያ እራት ሠራች፤ በሩን ከፍተው በሉ።

በማግሥቱ ሞላልኝ ወደ ኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት ወሰዳቸው። መንገድ ሙሉ የሚያሾፍበት ነገር ጠፋው። ሱመያ አሻራ ሰጥታ ከሚሄዱት ሴቶች ጋር ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ዞር ብላ ረጀብን አየችውና የቀሚሱን የቤንዚን ዕድፍ በጣቷ አሳየችው፣ እጠበው ለማለት ነው። ሙህላው ሳያልቅ አገሯ፣ ባቲ፣ እናቷ ጋ ገባች።

ረጀብ ወርሻው ተመልሶ ያለውን የመሰርሰሪያ ጥርስ ሁሉ ፈልጎ ቀጭኑን መረጠ። የደፈናትን ቀዳዳ እንደገና በሳት። ሞተሩ ከዚያ ወዲያ ጠፍቶ አያውቅም፤ አሕመድ ዓርብ ዓርብ እናቱ እንዲሰሙት ደጃፋቸው እያስነሣ ያስጮኸዋል።

መስኮቱን ረጀብ አልደፈነውም። አቧራው ይገባል፣ ይጠርገዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጦ ባቲ ደወለ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት።

በስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማል፣ ከሩቅ የሰው ድምፅ፣ የሚዘጋና የሚከፈት በር።

«ምንም» አለችው ሱመያ። «ውጭ ተቀምጫለሁ።»